የኋላ መስታወት

ከደሴ መናኸሪያ ማለዳ ሲነሳ፣
ጉሙን ተከናንቦ ገና ሳይነቃ ጦሳ፣
የአባቴ ሚኒባስ ሐረጎን ሲወርደው፣
ከኋላ የመጣ ሁሉም ነው የሚያነበው፤
በመስታወቱ ላይ፣ በቢጫ ላስቲክ ፊደል፣
«ኢንጂነር ነስሩ» ይላል።

ያኔ አሥራ አንደኛ ክፍል ነበርሁ ገና፤
ሙጋድ አንድ ሱቅ ደጅ አቆምን መኪና።
ሙስጠፋ ፊደሉን በምላጭ ሲቆርጠው፣
አባቴ ከጎኑ፣ «ጎላ አርገህ ለጥፈው፤
ዝናብም አይፍቀው፣ ፀሐይም አይብላው።»
ለጠፈው።
እኔን ማን ጠየቀኝ?
ስምን ማን ጠይቆት ያውቃል ሲለጥፈው?

እኔ ግን በክረምት፣ ረዳቱ አወል ሲቀር፣
ጋቢና ቁጭ ብዬ ሒሳብ ስቆጥር፣
በየመጠምዘዣው ዓይኔ የሚያርፈው
ለመንገድ ሲቆረጥ ተራራው ባሳየው
በሆዱ ላይ ነበር፤
ቀዩ አፈር ከጥቁር፣ ጥቁሩ ከግራጫ፣
እንደ ሰኞ ገበያ ልባሽ ጨርቅ መሸጫ
ተነባብሮ ሳየው፣
«ይኼ ዳገት» እላለሁ፣ «ለምን ነው የሚሸሸው?
ከሥሩ ምን አለ የሚያንሸራትተው?»
አባቴ ማርሹን እየቀየረ፣
«አላህ ነው የሚያውቀው» ብሎኝ አሳጠረ።

የምርጫው ቅጽ መጣ። እስክሪብቶው የሱ ነው፣
ከትራፊክ ቅጣት ጋር፣ ከፀሐይ መከላከያው
ጀርባ የሚሰካው።
አንደኛ፦ ሲቪል። ሁለተኛ፦ መካኒካል።
ሦስተኛው ላይ ሲደርስ ቀና አለ፦ «ምን ይሻላል?»
«ጂኦሎጂ» ስለው ሣቁን ለቀቀና፣
«ድንጋይ ፈለጣማ፣ ዕድሜ ይስጠው ከጤና፣
አጎትህ ኑርዬ ያለ ዲግሪ ይችላል!»
ሣቀ። እኔም ሣቅሁ። ሣቅ ብዙ ያሳልፋል።
እናቴ ከጓዳ፣ «እሱ ለክፉ አይልህም» አለች፤
ከመሐንዲስ በፊት «ኢንሻአላህ» ጨመረች።

አልበደለኝም እኮ። ሃያ ሁለት ዓመት
አንድ ጎኑ ገደል፣ አንድ ጎኑ ዳገት፣
ሲጠማዘዝ የኖረ ሰው፣
ለልጁ ቢመኝ ቀጥ ያለ መንገድ ነው።

ኮምቦልቻ ይሞቃል። ከማደሪያው መስኮት
የጨርቃጨርቁ ፊሽካ ይሰማል ሌሊት።
ካልኩለስ መጣብኝ እንደ ቦርከና ሞልቶ፣
ጓዶቼን አሻግሮ፣ እኔን ከዳር ትቶ።
ላይብረሪ እገባለሁ፣ ወንበር አሞቃለሁ፣
የጭነቱን ቀስት ሥዬ እጀምራለሁ፤
ሳላውቀው እጄ ግን ዳር ዳሩን የሚሥለው
የሐረጎን ንብብር፣ የገደሉን ሆድ ነው።

ትራፊኩ እንኳ አስቁሞት አንዳንዴ፣
«መሐንዲሱ ደኅና?» ይላል አሉ፣ እንደ ዘመዴ።
አባቴም «ነስሩ» ማለት ትቷል። «እንዴት ነው ኢንጂነር?»
«አልሐምዱሊላህ።» ከዚህ ሌላ ምን ልጨምር?

ሁለት «ዲ»፣ አንድ «ኤፍ»። ከሰሌዳው ቆሜ
ደጋግሜ አየሁት፤ አልተሳሳተም ስሜ፦
ነስረዲን ይማም።
«ኢንጂነር» የሚል ከፊቱ የለም።

መናኸሪያው ላይ ሦስት መኪና አሳለፍሁ፤
አራተኛው የሱ ነው፤ ጀርባውን አየሁ።
ቢጫው ፊደል የለም።
ምላጭ ፍቆት ፍቆት፣ ሙጫው አልለቅ ብሎ፣
በአቧራ ተስሎ
ጠባሳው ቀርቷል፤
ፀሐይ ሲያርፍበት ግን አሁንም ይነበባል።
ማን እንደ ነገረው አልጠየቅሁም፤ እሱም
«ግባ» ከማለት ሌላ ቃል አልተነፈሰም።

ሐረጎን ወጣን። ሞተሩ ብቻ ያወራል።
አምና የተናደው ጋ ስንደርስ ፍሬን ይዟል።
መሪው ላይ ተደግፎ፣ ገደሉን እያየ፣
ሰው እንደማይጠይቅ፣ ድምፁ እየተለየ፣
«ይኼ ዳገት» አለኝ፣ «ለምን ነው የሚሸሸው?
ከሥሩ ምን አለ የሚያንሸራትተው?»

መልሱን አላውቀውም፤ ማን አስተማረኝና።
ከኋላችን ቆሟል አንድ የጭነት መኪና፤
ክላክሱን ደገመ፣ ሠለሰ፣ አንባረቀ፤
አባቴ ግን መልሴን መሪ ይዞ ጠበቀ።